አንዴ የወረደን የሊኑክስ ፓኬጅ ለሌላ ኮምፒውተር ማዋል

ኢንተርኔት በሌለው ወይም ግንኙነቱ እጅግ ደካማ በሆነ ኮምፒውተር ላይ ፕሮግራም መጫን ሲያስፈልግ፣ ቀድሞ የሚመጣው ሐሳብ በሌላ ኮምፒውተር የወረደውን ፋይል በፍላሽ ገልብጦ መውሰድ ነው። ሐሳቡ ትክክል ነው። በዴቢያንና ከእርሱ በወጡት ስርጭቶች፣ ለምሳሌ በኡቡንቱና በሊኑክስ ሚንት፣ እያንዳንዱ ፕሮግራም መጨረሻው «.ዴብ» በሆነ ፋይል ተጠቅልሎ ይመጣል፤ ይህ ፋይል ደግሞ ከወረደበት ኮምፒውተር ጋር የሚያስተሳስረው ነገር ስለሌለ አምስትም ሆነ አሥር ኮምፒውተር ላይ ሊጫን ይችላል። የሚያስቸግረው የትኞቹን ፋይሎች መውሰድ እንደሚገባ ማወቁ ነው።

ይህን የተማርኩት በራሴ ስህተት ነው። ሁለቱም ኡቡንቱ 22.04 በተጫነባቸው ኮምፒውተሮች መካከል ቪኤልሲ የተባለውን የቪዲዮ ማጫወቻ ላሻግር ፈልጌ፣ በእኔ ኮምፒውተር ላይ አውርጄ የወረዱትን ፋይሎች በሙሉ ወደ ፍላሽ ገለበጥኩ። ሌላኛው ኮምፒውተር ዘንድ ደርሼ ለመጫን ስሞክር ሊብማትሮስካ እና ሊብኢቢኤምኤል የሚባሉ ሁለት ላይብረሪዎች (ፕሮግራሞች የሚደገፉባቸው የጋራ ፋይሎች) እንደጎደሉ ተነገረኝ። ነገሩ ሲጣራ፣ እኔ ከወራት በፊት ኤምኬቪቱልኒክስ የሚባል ሌላ ፕሮግራም ጭኜ ስለነበር ሁለቱ ላይብረሪዎች በኮምፒውተሬ ላይ ቀድመው ነበሩ፤ ስለዚህ ቪኤልሲን ሳወርድ አፕት፣ ማለትም ፕሮግራሞችን የሚያወርደውና የሚጭነው መሣሪያ፣ እነርሱን ደግሞ ማውረድ አላስፈለገውም። ያን ጊዜ የወረዱት ፋይሎች ደግሞ ማከማቻውን ሳጸዳ ሄደዋል። አፕት ጥፋት አልሠራም፤ የጠየቅኩት ለእኔ ኮምፒውተር የሚጎድለውን እንዲያመጣ ነበርና ያንኑ አመጣ።

እንግዲህ ከዚህ በታች ያለው አሠራር የሚቆመው በአንድ ነገር ላይ ነው፤ ምን መውረድ እንዳለበት መወሰን ያለበት ፕሮግራሙ የሚጫንበት ኮምፒውተር ነው። ለአጠራር እንዲመች ኢንተርኔት ያለውን ኮምፒውተር «ሰጪ»፣ ፕሮግራሙ የሚጫንበትን ደግሞ «ተቀባይ» እላለሁ።

ስለ ትእዛዞቹ አጻጻፍ አንድ ማሳሰቢያ ያስፈልጋል። ተርሚናል (ትእዛዝ በጽሑፍ የሚሰጥበት መስኮት) ላይ ትእዛዝ የሚጻፈው በላቲን ፊደል ነው፤ እዚህ ግን ትእዛዞቹንም የፎልደሮቹንም ስም በአነባበባቸው አስፍሬያለሁ። ባለ አንድ ፊደል አማራጮችን ትቼ በሁለት ሰረዝ የሚጀምሩትን ረጃጅሞቹን የመረጥኩትም በንባብ እንዳይምታቱ ብዬ ነው።

ሁለቱ ኮምፒውተሮች ይመሳሰላሉ?

ከምንም ነገር በፊት የሁለቱን ኮምፒውተሮች የፕሮሰሰር ዓይነትና የስርጭት እትም ማወዳደር ያስፈልጋል። በሁለቱም ላይ የሚከተሉትን ሁለት ትእዛዞች ይስጡ፤

ዲፒኬጂ --ፕሪንት-አርኪቴክቸር

ካት /ኢቲሲ/ኦኤስ-ሪሊዝ

የመጀመሪያው ትእዛዝ አብዛኛውን ጊዜ «ኤኤምዲ64» ብሎ ይመልሳል። ኮምፒውተሩ የኢንቴል ፕሮሰሰር ያለው ሰው ይህን ሲያይ ግር ይለዋል፤ ስሙ የመጣው ይህን ባለ 64 ቢት አሠራር መጀመሪያ የነደፈው ኤኤምዲ በመሆኑ ነው እንጂ ለሁለቱም የሚያገለግል ነው። እንደ ራዝቤሪ ፓይ ባሉት ላይ «ኤአርኤም64» ወይም «ኤአርኤምኤችኤፍ»፣ በቆዩ ባለ 32 ቢት ኮምፒውተሮች ላይ ደግሞ «አይ386» ይታያል። ለአንዱ የተዘጋጀ ፓኬጅ ለሌላው አይሆንም፤ ቢሞከርም ዲፒኬጂ (ዴብ ፋይሎችን የሚጭነው መሣሪያ) ብዙውን ጊዜ ዓይነቱ አይገጥምም ብሎ ይመልሰዋል።

የእትሙ ጉዳይ ደግሞ ብዙ ሰው አቅልሎ የሚያየው ነው። የኡቡንቱ 22.04 ፓኬጅ በ24.04 ላይ አልፎ አልፎ ሊሠራ ይችል ይሆናል፤ እኔ ግን በአጋጣሚ ላይ ሥራ እንዲመሠረት አልመክርም። ለምሳሌ በ24.04 ላይ የበርካታ ላይብረሪዎች ስም ራሱ ተለውጦ መጨረሻው ላይ «ቲ64» የሚል ምልክት ተጨምሮበታል፤ ለውጡ የመጣው በ2038 የሚያጋጥመውን የባለ 32 ቢት የሰዓት አቆጣጠር መሙላት ለመከላከል ሲባል በተደረገው ሥራ ነው። በአንዱ እትም «ሊብኤስኤስኤል3» የተባለው በሌላው «ሊብኤስኤስኤል3ቲ64» ሲሆን፣ የቆየው ፓኬጅ የሚደገፍበትን ላይብረሪ በስሙ ፈልጎ ሊያጣው ይችላል። እንዲሁም ኡቡንቱ ከ21.10 ጀምሮ ፓኬጆቹን የሚያምቀው ዚስታንዳርድ በተባለው ዘዴ በመሆኑ የዴቢያን 11 ዲፒኬጂ እነዚህን ፋይሎች መክፈት እንኳ አይችልም። በአንጻሩ ሊኑክስ ሚንት 21 በኡቡንቱ 22.04 ላይ፣ ሚንት 22 ደግሞ በ24.04 ላይ ስለተሠሩ፣ ሚንት ራሱ ከሚያዘጋጃቸው በስተቀር ብዙዎቹ ፓኬጆች በየጥንዶቹ መካከል ይለዋወጣሉ።

የፋይሉ ስም ራሱ ብዙ ይናገራል። «ቪኤልሲ_3.0.16-1ቢውልድ7_ኤኤምዲ64.ዴብ» የሚለውን ብንወስድ፣ ከመጀመሪያው የግርጌ ሰረዝ በፊት ያለው የፓኬጁ ስም፣ ቀጥሎ ያለው የፕሮግራሙና የስርጭቱ የእትም ቁጥር፣ የመጨረሻው ደግሞ የፕሮሰሰሩ ዓይነት ነው። በመጨረሻው ቦታ ላይ «ኦል» የሚል ከሆነ ፋይሉ ለሁሉም ዓይነት ፕሮሰሰር ይሆናል፤ ሥዕሎች፣ ፎንቶችና የሰነድ ፓኬጆች ብዙውን ጊዜ እንደዚህ ናቸው። በእትም ቁጥሩ መካከል «%3ኤ» የሚል እንግዳ ምልክት ካዩ ፋይሉ የተበላሸ አይምሰልዎ፤ በፋይል ስም ውስጥ ሊያስቸግር የሚችለውን ሁለት ነጥብ የተካ ነው።

የወረዱት ፋይሎች ያሉበት ቦታ

አፕት ያወረዳቸው ፓኬጆች የሚቀመጡት /ቫር/ካሽ/አፕት/አርካይቭስ በተባለው ፎልደር ውስጥ ነው። እዚያው ውስጥ ያለው «ፓርሻል» የሚባል ፎልደር ገና ወርደው ያላለቁትን ስለሚይዝ እርሱን መገልበጥ አያስፈልግም።

ብዙ ሰው ይህን ፎልደር ሲከፍት ባዶ ሆኖ ያገኘዋል። ምክንያቱ «አፕት» እና «አፕት-ጌት» የተባሉት ትእዛዞች በዚህ ረገድ መለያየታቸው ነው። ከአፕት 1.2 ጀምሮ፣ ማለትም በኡቡንቱ በኩል ከ16.04 ወዲህ፣ «አፕት ኢንስቶል» ብለው የጫኑት ፕሮግራም በትክክል ከተጫነ በኋላ የወረደው ፋይል ወዲያው ይሰረዛል፤ «አፕት-ጌት ኢንስቶል» ግን እንደ ድሮው ፋይሉን ያስቀምጣል። በ«አፕት» መጠቀም ለምዶብዎት ፋይሎቹ ግን እንዲቆዩ ከፈለጉ፣ /ኢቲሲ/አፕት/አፕት.ኮንፍ.ዲ በተባለው ፎልደር ውስጥ አዲስ ፋይል ከፍተው ይህን አንድ መስመር ይጻፉበት፤

ባይነሪ::አፕት::አፕት::ኪፕ-ዳውንሎድድ-ፓኬጅስ "ትሩ";

በመጨረሻ ላይ ያለችው ነጠላ ሰረዝ ከነነጥቧ እንዳትረሳ፤ እርሷ ከጎደለች አፕት ቀጥሎ የሚሰጡትን ትእዛዝ ሁሉ በስህተት መልእክት ይመልሳል። ከዚያ በኋላ ፎልደሩ በራሱ አይጸዳምና ቦታ ሲያጣብብ «አፕት-ጌት ክሊን» ሁሉንም፣ «አፕት-ጌት አውቶክሊን» ደግሞ ከእንግዲህ ከማከፋፈያው፣ ማለትም ፓኬጆቹ ከሚወርዱበት የኢንተርኔት ቋት፣ ሊወርዱ የማይችሉትን አሮጌዎች ብቻ ያጠፋል።

ተቀባዩ ከሰጪው ጋር አንድ ቀን የተጫነና ሁሉ ነገሩ ተመሳሳይ ከሆነ ይህን ፎልደር መገልበጥ ብቻውን ሊበቃ ይችላል። እንዲህ ያለ ሁኔታ ግን የሚያጋጥመው ከስንት አንዴ ነው።

በተቀባዩ ልክ ማውረድ

ዲፒኬጂ በአንድ ኮምፒውተር ላይ ምን ምን እንደተጫነ የሚመዘግበው /ቫር/ሊብ/ዲፒኬጂ/ስታተስ በተባለ አንድ ተራ የጽሑፍ ፋይል ነው። አፕት አንድን ፕሮግራም ለመጫን የሚጎድለውን ሲያሰላ የሚያነበውም ይህንኑ ነው። ስለዚህ የተቀባዩን ስታተስ ወደ ሰጪው ወስደን አፕት ከራሱ ይልቅ ያንን እንዲያነብ ካዘዝነው፣ የሚጎድለውን የሚያሰላው ለተቀባዩ ይሆናል። እኔ ከስንት ምልልስ በኋላ ያገኘሁት መፍትሔ ይህ ነው፤ ከዚያ ወዲህ በጎደለ ላይብረሪ ምክንያት ሁለተኛ ዙር መመላለስ አልገጠመኝም።

መጀመሪያ ወደ ተቀባዩ ይሂዱና ፋይሉን ወደ ፍላሽ ይገልብጡ። መጠኑ ጥቂት ሜጋባይት ቢሆን ነው፤ ለመገልበጥም የአስተዳዳሪ ፈቃድ አይጠይቅም።

ሲፒ /ቫር/ሊብ/ዲፒኬጂ/ስታተስ /ሚዲያ/ፍላሽ/

እዚህ /ሚዲያ/ፍላሽ ያልኩት ለአጭርነት ነው፤ በእርስዎ ኮምፒውተር ላይ መንገዱ በመካከሉ የተጠቃሚዎን ስም ይዞ ሊመጣ ይችላል። የፍላሹ ስም ክፍተት ካለው ትእዛዙ ላይ እንዳያስቸግር ቀድመው ቢቀይሩት ይሻላል። ከዚያም በሰጪው ላይ ቀጥሎ ያሉትን በቅደም ተከተል ይስጡ («ሱዶ» ትእዛዙን በአስተዳዳሪ ሥልጣን የሚያስፈጽም ቃል ነው)፤

ሱዶ አፕት-ጌት አፕዴት

ኤምኬዲር --ፓረንትስ /ሚዲያ/ፍላሽ/ዴብ/ፓርሻል

ሱዶ አፕት-ጌት --ኦፕሽን ዲር::ስቴት::ስታተስ=/ሚዲያ/ፍላሽ/ስታተስ --ኦፕሽን ዲር::ካሽ::አርካይቭስ=/ሚዲያ/ፍላሽ/ዴብ --ዳውንሎድ-ኦንሊ ኢንስቶል ቪኤልሲ

የመጨረሻው ትእዛዝ ረጅም ቢሆንም የሚላቸው ነገሮች ሦስት ብቻ ናቸው፤ የተጫነውን ዝርዝር ከፍላሹ አንብብ፣ ያወረድከውን ፍላሹ ላይ አስቀምጥ፣ ማውረድ እንጂ መጫን አያስፈልግም። አፕት ማውረድ ከመጀመሩ በፊት የሚያሳየውን ዝርዝር ረጋ ብለው ይመልከቱት። በእርስዎ ኮምፒውተር ላይ አስቀድመው ያሉ ላይብረሪዎች «አዲስ የሚጫኑ» ተብለው ከታዩ አሠራሩ ገብቷል ማለት ነው። ተቀባዩ ለረጅም ጊዜ ያልታደሰ ከሆነ ደግሞ «የሚሻሻሉ» የሚል ክፍል ይኖራል፤ እነርሱም አብረው ይወርዳሉ፣ መውረድም አለባቸው። አንዳንድ ላይብረሪዎች እኅት ፓኬጃቸው ልክ በእነርሱው የእትም ቁጥር ካልሆነ አብረው አይቀመጡምና አንዱን አዲስ ሌላውን አሮጌ አድርጎ መውሰድ ተቀባዩን ጭንቅ ውስጥ ይከተዋል።

በመጨረሻ ላይ ፋይሎቹ ያለ ሳንድቦክስ (ማውረዱን ከሌላው ሥርዓት ከሚለይ ጥበቃ ውጪ) ወርደዋል የሚል ማስጠንቀቂያ ሊመጣ ይችላል። አፕት ለማውረድ የሚጠቀምበት ልዩ ተጠቃሚ ፍላሹ ላይ የመጻፍ ፈቃድ ስለሌለው የሚመጣ ነው፤ ፋይሎቹን አይጎዳቸውም።

ሰጪው የተለየ እትም ያለው፣ ወይም ጭራሽ ሊኑክስ ያልሆነ ከሆነስ? ለዚህ አፕት-ኦፍላይን የሚባል መሣሪያ አለ። ተቀባዩ ላይ የሚፈለገውን ዝርዝር በአንድ አነስተኛ ፋይል ያወጣል፤ ያ ፋይል ፓይተን ወዳለበት ማንኛውም ኮምፒውተር፣ ዊንዶውስም ቢሆን፣ ተወስዶ ፓኬጆቹ በአንድ ዚፕ ይወርዳሉ፤ ዚፑ ተመልሶ ተቀባዩ ላይ ይጫናል። ችግሩ መሣሪያው ራሱ አስቀድሞ ተቀባዩ ላይ መጫን ያለበት መሆኑ ነው። ሌላው አማራጭ ተቀባዩ ላይ «አፕት-ጌት --ፕሪንት-ዩአርአይስ ኢንስቶል ቪኤልሲ» ብሎ የፋይሎቹን ሙሉ አድራሻ ማውጣትና በየትኛውም ብራውዘር ማውረድ ነው። ይህ የሚሠራው ተቀባዩ ከዚህ ቀደም የፓኬጅ ዝርዝር አውርዶ ከሆነ ብቻ ነው፤ ዝርዝሩ ከቆየ ደግሞ አንዳንዶቹ አድራሻዎች ፋይላቸው በአዲስ ተተክቶ ባዶ ሆነው ይገኛሉ።

ፍላሹን ከመንቀልዎ በፊት የፋይሎቹን መለያ አሻራ፣ ማለትም ፋይሉ አለመለወጡን የሚያሳየውን ቁጥር፣ ይውሰዱ። እዚያው ዴብ በተባለው ፎልደር ውስጥ ሆነው፤

ሻ256ሰም *.ዴብ > አሻራ.ቴክስት

ከዚያም ፍላሹን በአግባቡ አስወጥተው ይንቀሉ። ጽፎ ሳይጨርስ የተነቀለ ፍላሽ በዚህ ሥራ ላይ የብዙ ብስጭት ምንጭ ነው፤ ፋይሉ በስሙና በመጠኑ ሙሉ ይመስልና ሲከፈት ይሰናከላል።

ተቀባዩ ላይ መጫን

ተቀባዩ ላይ ወደ ፎልደሩ ገብተው መጀመሪያ አሻራውን ያመሳክሩ፣ ቀጥሎም ሳይጭን እንዲያስመስል ይዘዙት፤

ሲዲ /ሚዲያ/ፍላሽ/ዴብ

ሻ256ሰም --ቼክ አሻራ.ቴክስት

አፕት-ጌት --ሲሙሌት ኢንስቶል ./*.ዴብ

በሚታየው ዝርዝር ውስጥ ፍላሹ ላይ የሌለ የፓኬጅ ስም ካለ የጎደለ ነገር አለ ማለት ነውና ከመጀመርዎ በፊት ያውቁታል። ሁሉም ከተሟላ፤

ሱዶ አፕት ኢንስቶል ./*.ዴብ

ከኮከቧ በፊት ያሉት ነጥብና ስላሽ ለጌጥ አይደሉም፤ እነርሱ ከሌሉ አፕት የሰጡትን ስም ከማከፋፈያ እንደሚመጣ የፓኬጅ ስም ይወስደዋል። በዚህ መንገድ ሲጫን አፕት የፓኬጆቹን ቅደም ተከተል ራሱ ያስተካክላል። አንድ የሚያስከትለው ነገር ግን አለ፤ ሁሉንም ፋይል በስም ስለጠሩት ላይብረሪዎቹ ሳይቀሩ «በተጠቃሚው ፍላጎት የተጫኑ» ተብለው ይመዘገባሉ፤ ወደፊት ቪኤልሲን ቢያጠፉ የማያስፈልጉ ላይብረሪዎችን የሚያጸዳው «አውቶሪሙቭ» አይነካቸውም። ቅር ካለዎት «ሱዶ አፕት-ማርክ አውቶ» ብለው የላይብረሪዎቹን ስም በመዘርዘር ማስተካከል ይችላሉ።

በቆዩ መመሪያዎች ላይ የሚገኘው «ሱዶ ዲፒኬጂ --ኢንስቶል *.ዴብ» አሁንም ይሠራል፤ ሆኖም ዲፒኬጂ እንደ አፕት ጠንቃቃ አይደለም። ከሁሉ የሚያሰጋው፣ ተቀባዩ ላይ ያለው እትም አዲስ ሆኖ ፍላሹ ላይ ያለው አሮጌ ቢሆን፣ አንድ መስመር ማስጠንቀቂያ ብቻ ጽፎ አዲሱን በአሮጌው ይተካዋል። የሰጪውን ማከማቻ ፎልደር እንዳለ ገልብጦ በዚህ ትእዛዝ መጫን የደኅንነት ማሻሻያዎችን ሳያውቁ ወደ ኋላ መመለስ ሊሆን ይችላል። በዲፒኬጂ መጠቀም ግድ ከሆነ በዚህ መልክ ይሁን፤

ሱዶ ዲፒኬጂ --ሪፊውዝ-ዳውንግሬድ --ስኪፕ-ሴም-ቨርዥን --ኢንስቶል *.ዴብ

አንድ የሚደገፍበት ፓኬጅ ቢጎድል ዲፒኬጂ ፋይሉን ይዘረግፈዋል እንጂ አያዋቅረውም፤ ፕሮግራሙ በግማሽ ተጭኖ ይቆያል። ያን ጊዜ ብዙ ሰው የሚቸኩለው ወደ «አፕት-ጌት --ፊክስ-ብሮክን ኢንስቶል» ነው። ኢንተርኔት ባለበት ይህ ትእዛዝ የጎደለውን አውርዶ ያሟላል፤ ኢንተርኔት በሌለበት ግን ያለው ብቸኛ መፍትሔ በግማሽ የቆመውን ፕሮግራም ማጥፋት ሊሆን ስለሚችል፣ ይሁንታ ከመስጠትዎ በፊት ምን ሊያጠፋ እንዳሰበ ያንብቡ። የጎደለውን አንድ ፋይል አምጥቶ መጫንና «ሱዶ ዲፒኬጂ --ኮንፊገር --ፔንዲንግ» ማለት ከዚያ ይሻላል።

ፋይሉ ሙሉ ፕሮግራም የማይሆንበት ጊዜ

አንዳንድ ፓኬጆች ስማቸው የፕሮግራም ቢሆንም ውስጣቸው ፕሮግራሙ የለም። በኡቡንቱ 22.04 ላይ ፋየርፎክስ የሚባለው ዴብ ፋይል የሚሠራው ሥራ ስናፕ ከተባለው ሌላ ማከፋፈያ ፋየርፎክስን ማምጣት ነው፤ ክሮሚየምም እንዲሁ ነው። የማይክሮሶፍት ፎንቶችን የሚጭነው ፓኬጅም ፎንቶቹን የሚያወርደው በመጫኛው ሰዓት ነው። እነዚህን በፍላሽ ይዞ ኢንተርኔት ወደሌለው ኮምፒውተር መሄድ ትርፉ ድካም ነው። «ዲፒኬጂ --ኢንፎ» ብለው የፋይሉን መግለጫና መጠን ሲያዩ፣ የአንድ ትልቅ ብራውዘር ፓኬጅ በኪሎባይት የሚቆጠር ከሆነ ነገሩ ከዚያው ይገባዎታል።

ለስናፕ የራሱ መንገድ አለው። ሰጪው ላይ «ስናፕ ዳውንሎድ ፋየርፎክስ» ሲባል መጨረሻቸው «.ስናፕ» እና «.አሰርት» የሆኑ ሁለት ፋይሎች ይወርዳሉ፤ ሁለተኛው የፊርማ ማረጋገጫው ነው። ተቀባዩ ላይ መጀመሪያ በ«ሱዶ ስናፕ አክ» ማረጋገጫውን ማስታወቅ፣ ቀጥሎ በ«ሱዶ ስናፕ ኢንስቶል» ፋይሉን መጫን ነው። ፕሮግራሙ የሚቆምበት «ኮር» የሚባለው መሠረት ተቀባዩ ላይ ከሌለ እርሱም በዚሁ መንገድ ቀድሞ መምጣት አለበት።

ሌላው አስቸጋሪ የዋይፋይ ድራይቨር ነው፤ ብዙ ጊዜ ይህ ሁሉ ጣጣ የሚጀመረውም በእርሱ ነው። አንዳንድ የብሮድኮም ዋይፋይ ካርዶች ድራይቨራቸው ተቀባዩ ላይ እዚያው መገንባት ስላለበት የመገንቢያ መሣሪያዎቹን ጂሲሲን፣ ሜክንና ዲኬኤምኤስን ከእነ ከርነል ሄደሮቹ (የሊኑክስ እምብርት ለሆነው ከርነል ድራይቨር ሲገነባ የሚያስፈልጉ ፋይሎች) ይፈልጋሉ፤ የሄደሮቹም እትም ተቀባዩ ላይ «ዩኔም --ከርነል-ሪሊዝ» ሲባል ከሚታየው ቁጥር ጋር ልክ መግጠም አለበት። ስለዚህ በማውረጃው ትእዛዝ ላይ የሄደሩን ፓኬጅ ከነሙሉ ቁጥሩ በስሙ ይጨምሩት። እውነቱን ለመናገር ለዋይፋይ ድራይቨር ብቻ ከሆነ ከዚህ ሁሉ የሚቀለው ስልክን በዩኤስቢ ገመድ አገናኝቶ ኢንተርኔቱን ለአፍታ ማጋራት ነው።

ፋይሉን ማመን

አፕት ከማከፋፈያ ሲያወርድ የሚያረጋግጠው ሰንሰለት አለ፤ በማከፋፈያው ቁልፍ የተፈረመ አንድ ዋና ፋይል የፓኬጅ ዝርዝሮቹን አሻራ ይይዛል፣ ዝርዝሮቹ ደግሞ የእያንዳንዱን ዴብ አሻራ ይይዛሉ። ዴብ ፋይሉ ራሱ ግን ብዙውን ጊዜ ፊርማ የለውም። በፍላሽ የመጣ ፋይል ከሰንሰለቱ የተነጠለ ስለሆነ ዲፒኬጂ ከየት መጣህ ብሎ አይጠይቀውም፤ በውስጡ ያሉት የመጫኛ ስክሪፕቶችም የሚሠሩት በሙሉ የአስተዳዳሪ ሥልጣን ነው። ራስዎ ያወረዱትን ከሆነ ከላይ የወሰዱት አሻራ ይበቃል። ሰው የሰጠዎትን ከሆነ ግን ኢንተርኔት ባለው ኮምፒውተር ላይ «አፕት-ካሽ ሾው» ብለው ከፓኬጁ ስም ጋር ሲሰጡ ከሚታየው የሻ256 ቁጥር ጋር ሳያመሳክሩ አይጫኑት።

በሌሎች ስርጭቶች

በፌዶራ ላይ «ዲኤንኤፍ ዳውንሎድ --ሪዞልቭ» የሚባለው ትእዛዝ አርፒኤም ፋይሉን (የፌዶራን የፓኬጅ ፋይል) ከሚደገፍባቸው ጋር ያወርዳል፤ ሆኖም እርሱም ሰጪው ላይ ያሉትን ስለሚዘል «--ኦልዴፕስ» መጨመር ይገባል። ብዛቱ ይበረክታል፣ የሚጎድል ግን አይኖርም። አርች ሊኑክስ ያወረደውን /ቫር/ካሽ/ፓክማን/ፒኬጂ ውስጥ ያስቀምጣል፤ በ«ፓክማን --አፕግሬድ» ይጫናል። አርች ሳያቋርጥ የሚታደስ ስርጭት በመሆኑ ከፊሉን ብቻ አድሶ ከፊሉን መተው አይደገፍምና ሁለቱ ኮምፒውተሮች በአንድ ሰሞን የታደሱ መሆን ይኖርባቸዋል።

ተቀባዮቹ ብዙ ከሆኑ

ኮምፒውተሮቹ በኔትወርክ የተገናኙ ሆነው ኢንተርኔቱ ብቻ ቀጭን ከሆነ፣ አንዱ ላይ አፕት-ካቸር-ኤንጂ የተባለውን ፕሮግራም ጭኖ ሌሎቹ በእርሱ በኩል እንዲያወርዱ ማድረግ ከፍላሽ ሁሉ ይሻላል፤ በ3142 ፖርት ላይ ያዳምጣል፣ አንዴ የወረደውንም ፓኬጅ ለቀሪዎቹ ከራሱ ይሰጣል። ኔትወርክ ከሌለ ግን የሰበሰቧቸውን ዴብ ፋይሎች ወደ ትንሽ ማከፋፈያ መለወጥ ይቻላል። ሰጪው ላይ ዲፒኬጂ-ዴቭ የሚባለውን ፓኬጅ ጭነው፣ በዴብ ፎልደሩ ውስጥ ሆነው ይህን ይስጡ፤

ዲፒኬጂ-ስካንፓኬጅስ --መልቲቨርዥን . > ፓኬጅስ

የሚፈጠረው ፋይል ስም በትልቁ የላቲን «ፒ» መጀመር አለበት፤ በትንሹ ከተጻፈ አፕት አያገኘውም። ከዚያ ፎልደሩን በእያንዳንዱ ተቀባይ ላይ ወደ /ኤስአርቪ/ዴብ ይገልብጡ። ፍላሹ ላይ እንዳለ መጠቀም የሚያምር ቢመስልም፣ ፍላሽ የሚከፈትበት ቦታ ብዙ ጊዜ ለገባው ተጠቃሚ ብቻ ስለሚፈቀድ አፕት ፋይሎቹን እንዳያነብ ይከለከላል። በመቀጠል /ኢቲሲ/አፕት/ሶርስስ.ሊስት.ዲ ውስጥ መጨረሻው «.ሊስት» የሆነ ፋይል ከፍተው፤

ዴብ [ትረስትድ=የስ] ፋይል:/ኤስአርቪ/ዴብ ./

ብለው ይጻፉና «ሱዶ አፕት አፕዴት» ይበሉ። ከዚህ በኋላ «ሱዶ አፕት ኢንስቶል ቪኤልሲ» በስሙ ብቻ ይሠራል፤ ላይብረሪዎቹም እንደ ወጉ «በራሳቸው የመጡ» ተብለው ይመዘገባሉ። ሁሉንም ተቀባዮች የሚበቃ ፎልደር ለማዘጋጀት፣ ከሁሉም ያነሰ ነገር የተጫነበትን ኮምፒውተር ስታተስ ይዘው ማውረድ ብዙውን ይሸፍናል፤ ጨርሶ እርግጠኛ ለመሆን ግን የእያንዳንዳቸውን ስታተስ በየተራ ይዘው ወደዚያው ፎልደር ማውረድ ነው፣ አንዴ የወረደው ደግሞ አይወርድም። በቅንፍ ውስጥ ያለው ቃል አፕት ፊርማ እንዳይጠይቅ የሚያዝ ስለሆነ ለዚህች ፎልደር እንጂ ለሌላ መስመር አይጠቀሙበት። ፎልደሩ ላይ አዲስ ዴብ በጨመሩ ቁጥር የስካኑን ትእዛዝ ደግመው መስጠትና ተቀባዮቹ ላይ እንደገና «አፕት አፕዴት» ማለት ያስፈልጋል፤ ያለዚያ አፕት አዲሱን ፋይል አያየውም፤ በአንድ ስም የተተካ ፋይል ከሆነ ደግሞ አሻራው አልገጠመም ብሎ አልጭንም ይላል።